አንዴ «አይ» ካሉ አለቀ፦ ከጀርመን ቤተሰብ ጋር አንድ ዓመት ለሚኖር ልጅ

የእህቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ጀርመን የገባች ዕለት ጦሟን አደረች። ዕድሜዋ 16 ነበር። የተቀበላት ቤተሰብ ሰሜን ጀርመን፣ ኒደርዛክሰን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው የሚኖረው። ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆችና አንድ ያረጀ ውሻ ናቸው። ማታ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ፣ አይብ፣ በስሱ የተቆረጠ ሥጋና የኮመጠጠ ኪያር ቀረበ። የቤቱ እናት የዳቦውን ቅርጫት ወደ እሷ ገፋ አድርገው «ትፈልጊያለሽ?» አሏት። ልጅቷ እንዳስተዳደጓ «አይ፣ አመሰግናለሁ» አለች። ከዚያ እስክትለመን ጠበቀች። ቅርጫቱ ወደ ሌላው ዞረ። ደግሞ የጠየቃት የለም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለችልኝና «አክስቴ፣ እዚህ ቤት የወደዱኝ አልመሰለኝም» አለች።

በማግስቱ የቤቱን እናት አነጋገርኳቸው። በጣም ደነገጡ። «አልፈልግም ብላኝ እኮ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጀርመን ቤት ውስጥ «አይ» ያለ ሰው አይ ብሏል። ከዚያ በኋላ መጎትጎት ቃሉን አለማመን ነው፤ እንደ ሕፃን መቁጠር ነው። እኛ ቤት ግን የመጀመሪያው «አይ» ገና መግቢያው ነው። «ኧረ በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «እቺን ብቻ» ይከተላል። የሚያስከፋው አለመለመኑ ነው። ያን ማታ እናትየውም ልጅቷም አንዳቸው ሌላቸውን ለማክበር ነበር የሞከሩት።

እኔ ጀርመን ስኖር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ ማታ ወዲህ ለሌሎችም ልጆችና ወላጆች ይህንኑ ሳስረዳ ቆይቻለሁ። ለሐበሻ ልጅ ጀርመን ቤት ውስጥ ከቋንቋውም ከብርዱም በላይ የሚከብደው ይሉኝታ ነው። ቀጥሎ የምጽፈው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመጣል።

ልጆቹ እንዴት ይመጣሉ?

የተማሪ ልውውጡን የሚያካሂዱ ብዙ ድርጅቶች አሉ። ከቀደምቶቹ አንዱ ኤ.ኤፍ.ኤስ. ነው። መነሻው በአንደኛው የዓለም ጦርነት አምቡላንስ ይነዱ የነበሩ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ወደ መላክ የገባው ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ዋይ.ኤፍ.ዩ. የሚባለው ደግሞ በ1951 የጀርመን ወጣቶችን ሚሺጋን ወስዶ ከአሜሪካ ቤተሰብ ጋር በማኖር ተጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ትናንት የተዋጉ ሕዝቦች ልጆች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢበሉ ነገ አይዋጉም።

አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ መልካም ዕድል አለ። የአሜሪካ ኮንግረስና የጀርመን ፓርላማ ቡንደስታግ በ1983 በጋራ የጀመሩት የነፃ ትምህርት ዕድል ነው። በዚያ ዓመት የመጀመሪያዎቹ ጀርመናውያን ሰፋሪዎች አሜሪካ የገቡበት 300ኛ ዓመት ይከበር ነበር። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ፣ የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው ተማሪዎች ይወዳደራሉ። ጀርመንኛ ማወቅ ግዴታ አይደለም። የእህቴ ልጅም የመጣችው በዚሁ ነው። እኔ እስክነግራት ድረስ እናቷ ስለ ዕድሉ ሰምታ አታውቅም ነበር። አዲስ አበባ ላሉ ልጆች ደግሞ ቋንቋውን ለመጀመር ጎተ ኢንስቲትዩት አለ፤ ከተከፈተ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ወረቀቱን በአጭሩ ልለፈው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ልጅ ከመነሳቱ በፊት ከጀርመን ኤምባሲ ቪዛ ማግኘት አለበት። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ያለ ቪዛ ገብቶ የመኖሪያ ፈቃዱን እዚያው መጠየቅ ይችላል። ዓመቱን ለመቆየት የመጣ ልጅ ደግሞ ቤት በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አድራሻውን ያስመዘግባል። ተቀባዩ ቤተሰብ «እኔ ቤት ነው የሚኖረው» ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት አለ። ያለዚያ ወረቀት ሌላው ጉዳይ አይንቀሳቀስም።

ወላጆች ልብ እንዲሉት የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። በእነዚህ ድርጅቶች በኩል ልጅ የሚቀበሉት ቤተሰቦች በአብዛኛው አይከፈላቸውም። አልጋውንም ምግቡንም በፈቃዳቸው ነው የሚሰጡት። ልጁ ተከራይ አይደለም ማለት ነው። እንግዳም ሆኖ አይቆይም። ቤተሰቡ የሚጠብቀው አንድ ተጨማሪ ልጅ ነው።

ዕቃ ማጠቢያውን አውጪ

በሦስተኛው ቀን የቤቱ አባት የእህቴን ልጅ ዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ፊት ወስደው ሳህን የት፣ ብርጭቆ የት፣ ቢላ የት እንደሚቀመጥ አሳዩዋት። «ማክሰኞና ሐሙስ ያንቺ ተራ ነው» አሏት። እህቴ ይህን ስትሰማ ተናደደች። «ልጄን ሠራተኛ አደረጓት!» አለች። ባህር አቋርጦ የመጣ እንግዳ ዕቃ ያነሳል? እኛ ዘንድ ነውር ነው።

እዚያ ቤት ግን የ12 ዓመቱ ልጃቸው ቆሻሻ ያወጣል፤ የ15 ዓመቷ ውሻውን ታንሸራሽራለች። ሥራ የሌለው የሚቀበሉት እንግዳ ብቻ ነው። ተራ ሲሰጧት እኛ ቤት «እንግዲህ ቤትሽ ነው» እንደሚባለው ነው። ብዙ ልጆች ይህን ሳይረዱ በይሉኝታ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። «ያዘዙኝን እሠራለሁ» ይላሉ። ጀርመናዊው ደግሞ «ከፈለገች ትጠይቃለች» ብሎ ይጠብቃል። ሁለቱም ሲጠባበቁ ወር ያልፋል። ስለዚህ ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ቤተሰቡን ቁጭ አድርጎ በግልጽ ይጠይቅ። ገላ የምታጠበው ስንት ሰዓት ነው? ፍሪጁን ከፍቼ የፈለግሁትን መብላት እችላለሁ ወይስ ልጠይቅ? ማታ እስከ ስንት ሰዓት ውጭ መቆየት እችላለሁ? ልብሴን ማን ያጥባል? እኛ ጆሮ ላይ ይህ ድፍረት ይመስላል። እነሱ ግን እፎይ ይላሉ።

የአጠራሩ ነገር ደግሞ ለብቻው ፈተና ነው። ጀርመንኛ እንደ አማርኛ «አንተ»ና «እርስዎ» አለው፤ «ዱ» እና «ዚ» ይባላሉ። ለአስተማሪ፣ ለሐኪም፣ ለጎረቤት ሽማግሌ «ዚ» ነው። ቤት ውስጥ ግን አባትም እናትም «ዱ» በይን፣ በስማችን ጥሪን ይላሉ። የ50 ዓመት ሰው ያለ ጋሼ፣ ያለ እትዬ በስሙ መጥራት ለእኛ ልጅ ምላስ ላይ የሚተናነቅ ነገር ነው። የእህቴ ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ስማቸውን ላለመጥራት አጠገባቸው ሄዳ ትቆም ነበር፤ ዞር ብለው እስኪያዩዋት። «ዱ» ማለት ንቀት እንዳልሆነ ቀድማ ብታውቅ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እነሱ ዘንድ ቤተኛ ማድረግ ነው።

በተቃራኒው ትምህርት ቤት በእርስዎ ይጠራሉ የሚባሉት አስተማሪዎች ከፍ ያለ ክፍል ሲደርሱ ተማሪውንም በቤተሰብ ስሙ ሊጠሩት ይችላሉ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ፓስፖርቱ ላይ እዚያ ቦታ የሚገባው የአባት ወይም የአያት ስም ነው። ሳራ ተስፋዬ «ወይዘሪት ተስፋዬ» ተብላ ስትጠራ አባቷን የጠሩ ይመስላታል። ልጆች ይህን አስቀድመው ቢያስረዱ ጥሩ ነው። ጀርመኖች የስማችንን ነገር ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ብዙ ይጠይቃሉ።

መስኮቱ፣ ቆሻሻውና እሑዱ

ሐበሻና የመስኮት ንፋስ አይዋደዱም። አውቶቡስ ውስጥ በዚያ ሁሉ ሙቀት «ዝጊው፣ ብርድ ይመታናል» ይባላል። ጀርመን ደግሞ በጥር ብርድ ጠዋት ተነስቶ የቤቱን መስኮት ሁሉ ወለል አድርጎ ይከፍታል። አምስት ወይም አሥር ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። «ሽቶስ ሉፍተን» ይሉታል። የእህቴ ልጅ መኝታ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንባ ደውላ «ሊያሳምሙኝ ነው» ብላኝ ነበር።

ምክንያቱ የሚጨበጥ ነው። ቤቶቹ ሙቀት እንዳያመልጥ ተብለው ጥብቅ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ከትንፋሽ፣ ከገላ መታጠቢያ፣ ከምግብ ማብሰያ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ያጣል። ግድግዳው ላይ ሻጋታ ይይዛል። ሻጋታ ደግሞ ቤትንም ሳንባንም ይጎዳል። መስኮቱን ለጥቂት ደቂቃ ወለል ማድረግ አየሩን ይቀይራል፤ ግድግዳውና ዕቃው ግን ሙቀቱን አይለቅም። ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ መተው ግን ማሞቂያውን ያለ ጥቅም ያነድደዋል። ስለዚህ ሥርዓቱ ይህ ነው፤ ማሞቂያውን መዝጋት፣ መስኮቱን ወለል ማድረግ፣ መዝጋት፣ ማሞቂያውን መልሶ መክፈት። አንድ ልጅ ሳይነገረው ጠዋት መስኮቱን ከከፈተ፣ የቤቱ እናት ልብ ላይ ምን ያህል እንደሚገባ መናገር አልችልም።

ዕጣንም ከዚሁ ጋር ይነሳል። ጀርመን ውስጥ መኖሪያ ቤት ሁሉ ጣሪያው ላይ ጭስ ሲሸተው የሚጮህ መሣሪያ ሊኖረው ግድ ነው፤ በ16ቱም ግዛቶች ሕግ ነው። ቡና ልታፈላ ዕጣን ያጨሰች ልጅ ቤቱን በጩኸት ልትሞላው ትችላለች። ቡና ማፍላቱን ግን አትተዉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጀርመኖች ቡናና ኬክ ይዘው የሚሰበሰቡበት የቆየ ልማድ አላቸው። ያን ሰዓት ልጅቱ ጀበናዋን ይዛ ብትቀርብ ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም። የእህቴ ልጅ መስኮቱን ከፍታ፣ ዕጣኗን በረንዳ ላይ አጭሳ፣ ቡናውን በምጣድ ላይ ቆላች። የቤተሰቡ አያት አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚሉትን ቃላት ወረቀት ላይ ጽፈው ፍሪጁ ላይ ለጠፏቸው።

ከአገር ቤት ስንቅ የምታሽጉ ሰዎች፣ ቅቤና ቋንጣ አትላኩ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ ማስገባት የተከለከለ ነው። ጉምሩክ ላይ ተይዞ ይጣላል።

ቆሻሻ መለየት ልጆችን የሚያስጨንቃቸው ሌላው ነገር ነው። ቀለሞቹ ከከተማ ከተማ ትንሽ ቢለያዩም ዋናው ይህ ነው። ወረቀት ሰማያዊ ውስጥ፣ የምግብ ትርፍራፊ ቡናማ ውስጥ፣ የፕላስቲክና የቆርቆሮ ማሸጊያ ቢጫ ውስጥ፣ የቀረው ጥቁር ወይም ግራጫ ውስጥ። ጠርሙስ ደግሞ በየመንገዱ ወዳለው ትልቅ ሣጥን ይሄዳል፤ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ ተለይቶ። የውሃና የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ግን አይጣልም። ስትገዙት 25 ሳንቲም መያዣ ከፍላችኋል፤ «ፕፋንድ» ይባላል። ባዶውን ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ውስጥ ስታስገቡ ገንዘቡ ይመለሳል። ውሃ ሲባል ደግሞ ብዙዎቹ የሚጠጡት ጋዝ ያለውን ነው። አምቦ ውሃ ለለመደ ልጅ ይህ ችግር አይሆንም። የቧንቧው ውሃም ያለ ስጋት ይጠጣል።

እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። ጥቂት የባቡር ጣቢያ ሱቆችና ዳቦ ቤቶች ካልሆኑ በቀር የሚሸጥ የለም። ሙዚቃ ከፍ ማድረግ፣ ግድግዳ መብሳት፣ ሣር ማጨድ፣ ጠርሙስ ሣጥን ውስጥ መወርወር ሳይቀር ነውር ነው። በየቀኑም ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ጠዋቱ አሥራ ሁለት ጸጥታ ይጠበቃል። በዚያ ሰዓት መኝታ ቤት ውስጥ ከእናት ጋር ጮክ ብሎ በቪዲዮ ማውራት ጎረቤት ድረስ ይሰማል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። አፍንጫን ጠረጴዛ ላይ በሶፍት መናፈጥ እዚያ ችግር የለውም፤ እየሳቡ መቀመጥ ግን ያስጠላቸዋል። ሽንት ቤት ደግሞ ወንዶች ልጆችም ቁጭ ብለው እንዲሸኑ ብዙ ቤት ይጠይቃሉ። አያሳፍርም፤ የሚያጸዳው ሰው ጥያቄ ነው።

«ግማሽ ስምንት»

ሰዓት ማክበር እንዳለባቸው ለልጆች ሁሉም ሰው ይነግራቸዋል። ማንም የማይነግራቸው የሰዓቱን አነጋገር ነው። ጀርመኖች «ሃልብ አኽት» ይላሉ። ቃል በቃል «ግማሽ ስምንት» ነው። የእኛ ልጅ «ስምንት ተኩል» ብሎ ይሰማዋል። ትርጉሙ ግን በፈረንጅ ሰዓት ሰባት ተኩል ነው፤ የስምንተኛው ሰዓት ግማሽ ማለት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ያሳስታል። በምሥራቅና በደቡብ ጀርመን ደግሞ «ሩብ ስምንት» ይባላል፤ ያ ሰባት ከሩብ ነው። በዚህ ላይ የእኛ አገር ሰዓት ከስድስት ሰዓት ልዩነት ጋር ጭንቅላት ውስጥ ካለ ግራ ያጋባል። ስለዚህ ልጁ ቀጠሮ ሲሰጠው በቁጥር ደግሞ ያረጋግጥ። መዘግየቱን ካወቀ ደግሞ ቀድሞ መልእክት ይላክ። አሥር ደቂቃ ዘግይቶ «እየመጣሁ ነው» ያለ ልጅ ይቅር ይባላል። ዝም ብሎ የዘገየ ግን የጠበቀውን ሰው ንቋል።

ዝም ያለ ተማሪ

ትምህርት ቤቱ በግዛት በግዛት ይለያያል፤ ጀርመን ውስጥ ትምህርት የየግዛቱ ሥልጣን ነው። የእረፍት ጊዜውም አንድ አይደለም። ብዙ የልውውጥ ተማሪዎች የሚገቡት ጊምናዚዩም ነው፤ መጨረሻው አቢቱር የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ ይጀመራል። ውጤቱ ከ1 እስከ 6 ነው፤ 1 ከሁሉ ይበልጣል። አንዲት እናት ልጇ «1 አገኘሁ» ሲላት አልቅሳ ነበር።

ትልቁ ነገር የአፍ ተሳትፎ ነው። በብዙ ትምህርቶች ክፍል ውስጥ እጅ አውጥቶ መናገር ከውጤቱ ትልቅ ድርሻ ይይዛል፤ አንዳንዴ እስከ ግማሽ ይደርሳል። እኛ ልጆቻችንን ያሳደግነው «ትልቅ ሰው ሲናገር አዳምጥ» እያልን ነው። ዝም ብሎ በትሕትና የሚያዳምጥ ልጅ ለጀርመን አስተማሪ ያልተዘጋጀ ወይም ግድ የሌለው ይመስላል። «በዚህ አልስማማም፣ ምክንያቱም...» የሚል ልጅ ግን ይመሰገናል። አስተማሪን መቃወም ማዋረድ አይደለም። ቋንቋው ገና ያልገባው ልጅ እንኳ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቶ እጁን ቢያወጣ አስተማሪው ያስተውለዋል።

ጓደኛ ማግኘት ይዘገያል። የክፍል ልጆች ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ የሚተዋወቁ ይሆናሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይጠይቃል፤ ከዚያ ወደየራሱ ይመለሳል። ሐበሻ ልጅ «ካልጠሩኝ አልሄድም» ካለ ዓመቱን ብቻውን ያሳልፋል። መውጫው ክበብ ነው፤ «ፌራይን» ይሉታል። ትምህርት ቤቶቹ እንደ አሜሪካ የራሳቸው ትልቅ የስፖርት ቡድን የላቸውም፤ እግር ኳሱም፣ ዋናውም፣ ዘፈኑም፣ የወጣት እሳት አደጋ ቡድኑም በየከተማው ክበብ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሰዎችን ማየት ወዳጅነትን ያመጣል። የእህቴ ልጅ የእጅ ኳስ ክበብ ገባች። የእጅ ኳስ አንድም ቀን ተጫውታ አታውቅም።

ካፌ ሲወጡ አስተናጋጁ «አንድ ላይ ወይስ ለየብቻ?» ይላል። «ለየብቻ» ነው መልሱ። «እኔ ልክፈል» ብላ የተሽቀዳደመች ልጅ የኪስ ገንዘቧን ታራግፋለች፤ ሌሎቹም ዕዳ ያለባቸው ይመስላቸዋል።

ቋንቋውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ሁሉም እንግሊዝኛውን ሊለማመድባት ይፈልጋል። «እባካችሁ በጀርመንኛ» ማለትን የመጀመሪያው ቀን ትጀምር። ሁለት ሦስት ወር ማታ ማታ ራስ ምታት ይኖራል፤ ጭንቅላት ቀኑን ሙሉ ሲተረጉም ስለሚውል ነው። ያኔ ቀደም ብሎ መተኛት ነው መድኃኒቱ። አንዲት ትንሽ ቃል ደግሞ አለች፤ «ዶኽ»። አንድ ሰው «አልመጣሽም» ሲል «መጥቻለሁ እንጂ!» እንደምንለው ናት። እሷን በቦታዋ መጠቀም የጀመረ ልጅ ቋንቋው ገብቶታል ማለት ነው።

ጾም፣ በዓልና ጨለማ

ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ልጅ የአሳማ ሥጋ ጉዳይ ከመምጣታቸው በፊት በግልጽ መጻፍ አለበት። የማመልከቻው ቅጽ ላይ የምግብ ቦታ አለ። ያ ጠረጴዛ ላይ በስሱ የተቆረጠው ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው። «ደርሼ እነግራለሁ» ያሉ ልጆች በይሉኝታ ሳይናገሩ ሲቸገሩ አይቻለሁ።

ጾም ለማስረዳት «ቪጋን» የሚለውን ቃል ተጠቀሙ። ጀርመን ውስጥ ሱፐርማርኬቱ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው። «ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያ ደግሞ ይህን ያህል ቀን ቪጋን ነኝ፤ ምክንያቱ ሃይማኖቴ ነው» ሲባል ይገባቸዋል። የገና ጾም የሚያዘው ኅዳር 15 ነው፤ እነሱ ደግሞ በዚያው ሰሞን በየእሑዱ አንድ ሻማ እየጨመሩ አራት ሻማ ያበራሉ፤ ብስኩት ይጋግራሉ። ስጦታ የሚሰጠው ዲሴምበር 24 ማታ ነው። ብዙ ቤት የሚቀርበው ድንች ሰላጣና ቋሊማ ነው። የሚጾም ልጅ ያን ማታ ለእሱ የሚሆን ነገር እንዲኖር ሳምንት ቀድሞ ይናገር። የራሱን ገና ደግሞ ጃንዋሪ 7 ለእነሱ ያክብርላቸው። ሁለት ጊዜ ገና ማክበር የሚጠላ ቤተሰብ አላየሁም።

ሐዘኑ የሚመጣው በዚያው ወራት ነው። እኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ሰሜን ጀርመን በዲሴምበር ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይጨልማል። አዲስ ነገር ማየቱ አልቋል፤ ቋንቋው ገና አልመጣም። ልጆች ያኔ ነው «ልመለስ» የሚሉት። ወላጆች፣ እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ። በየቀኑ አትደውሉ። እህቴ በየማታው ትደውል ነበር፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ ልጅቱ ሳሎን ከቤተሰቡ ጋር የምትቀመጥበት ሰዓት በዚያ ያልቃል። የቤቱ እናት በሯ እንደተዘጋ አይተው «ብቻዋን መሆን ትፈልጋለች» ብለው ተዉአት። የተዘጋ በር እዚያ ይከበራል። እኔ እህቴን ተቆጥቼ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ፣ እንዲሆን አደረግሁ። መጀመሪያ ጨካኝ ተባልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ልጅቱ ሳሎን ከልጆቹ ጋር ካርታ እየተጫወተች ስልኩን ረሳችው።

ስለ ቀለምና ስለ ፀጉርም ዝም ማለት አልፈልግም። በትንሽ ከተማ ብቸኛዋ ጥቁር ልጅ መሆን ይደክማል። «ከየት ነሽ?» ይባላል፤ «ከቨርጂኒያ» ስትል «አይ፣ በእውነት ከየት ነሽ?» ይከተላል። ፀጉሯን ሳይጠይቁ የሚነኩ አሉ። አብዛኛው ክፋት የለውም፤ አንዳንዱ አለው። ሁለቱንም በይሉኝታ ፈገግ ብሎ ማለፍ ግን ልጅን ከውስጥ ይበላል። «ፀጉሬን አትንኩ፣ አልወድም» ማለት በጀርመንኛ ባለጌነት አይደለም። እዚህ ላይ የአገሩ ቀጥተኛነት ለልጆቻችን ጋሻ ይሆናል።

ሳይስማሙ ሲቀሩ

አለመግባባት ሲኖር ጀርመኖች «ለአፍታ እናውራ?» ይላሉ። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ሊባረሩ ነው ብለው ይንቀጠቀጣሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጉዳዩ ረጅም የሻወር ጊዜ ወይም የተረሳ መብራት ነው። ይነገራል፣ ይመለሳል፣ ያልቃል፤ ቂም አይያዝም። እኛ ደግሞ በሽምግልና፣ በዘወርዋራ፣ በፊት ገጽታ ነው የምንነግረው። ፊት ማጨፍገግ እዚያ መልእክት አያደርስም። የቸገረው ልጅ በቃል ይናገር።

በቃልም ተነጋግረው ካልሆነ፣ ድርጅቶቹ በየአካባቢው ለልጁ የሚመደብ በጎ ፈቃደኛ አላቸው። ልጁ ስልኩን ይያዝ፤ ቀድሞም ይደውል። ቤተሰብ መቀየር የሚቻልና የሚደረግ ነገር ነው። የማንም ውርደት አይደለም። አደጋ ያለበት፣ አካል ወይም ክብር የሚነካ ነገር ከሆነ ደግሞ አንድ ቀንም አይጠበቅም። «ምን ይሉኛል» ብሎ ስድስት ወር የተቸገረ ልጅ አውቃለሁ። ሲናገር በአሥር ቀን ውስጥ ሌላ ቤት ተገኘለት። ስድስቱ ወር ግን አይመለስም።

የእህቴ ልጅ ዓመቱን ጨርሳ ቨርጂኒያ ስትመለስ እህቴ ደግማ ደወለችልኝ። በዚህኛው ጊዜ የተከፋችው የልጅቱ የራሷ አያት ናት። ዶሮ ወጥ አቅርባላት «ጨምሪ» ስትላት ልጅቱ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አለች። «በሞቴ» ስትባል «ጠግቤያለሁ አልኩ እኮ» ብላ ሳህኗን ራሷ አነሳች። አያትየዋ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ለልጅቱ ደውዬ አንድ ነገር ብቻ ነገርኳት፤ አያትሽ ስትለምንሽ ቃልሽን ሳታምን ቀርታ አይደለም፣ እጇ ባዶውን እንዳይመለስ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሄዳ አንዲት ጉርሻ ተቀበለች። ከዚያ ተነስታ ሳይነግሯት ዕቃውን አጠበች።